ዛሬ ምን ተገኘ?

እኛ ቤት ራት ምን እንደሚሆን ከራት በፊት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኛ ቤት ስል ሁለት ቤት ማለቴ ነው፣ የእኔና የጎረቤቴ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስንኖር በሮቻችን ይተያያሉ፤ ማድቤታችን ደግሞ አንድ ነበር። በቆርቆሮ የተሠራች፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ሆኖ የሚያወራባት ጠባብ ማድቤት ነበረች።

እኔ ልደታ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። የጽሕፈት መኪና ዘመን ነው። ጎረቤቴ ወሎ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች ናት። ባሏ እዚያው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሷም ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በመዘምዘም ታግዘዋለች። ሁለታችንም ቤት የምንገባው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አንዳንድ ቀን እኔ እቀድማለሁ፣ አንዳንድ ቀን እሷ። ከዚህ የተነሣ አንድ ልማድ አበጀን። ማናችን እንደጀመርነው አላስታውስም። ቀድማ የገባችው ሽንኩርት ከትፋ ትጥዳለች፣ በርበሬ ወይም እርድ ታደርግበታለች፤ ከዚያ አታልፍም። ኋላ የገባችው የያዘችውን ይዛ ትመጣና ወጡን ትጨርሳለች። ድንች ይዛ ከሆነ ድንች ነው፤ ጎመን ከሆነ ጎመን። ባዶ እጇን ከመጣች ሽሮ አይጠፋም። ጀማሪዋ ምን እንደሚመጣላት አታውቅም። ጨራሿም ቁሌቱ በበርበሬ ይሁን በእርድ የምታውቀው ክዳኑን ከፍታ ስታይ ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው ዝርክርክነት ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ሳልጨምር ሳልቀንስ የምገለብጥ ሰው ነበርኩ። ማታ ያንን ክዳን ማንሣት ደስ ይለኝ ነበር።

የድስቱም ነገር አለ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሷ ሙስሊም። ሥጋ እኔ ከእኔ ሉካንዳ፣ እሷ ከእሷ ሉካንዳ እንገዛለን፤ በየራሳችን ድስት ሠርተን በየቤታችን እንበላለን። ይህን ተነጋግረን የወሰንነው አይደለም፤ የተቀየመም ሰው አልነበረም። ሥጋ የማይነካው አንድ ወፍራም ብረድስት ግን ነበረን። ስሙ “የሁላችን” ነበር። ሽንኩርቱ የሚጣደው በእሱ ነው። ጾሜን እንዳይነካብኝ ቅቤም አይገባበትም። ቅቤ የፈለገ በየሳህኑ ጠብ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ባልጾምንበትም ቀን ራታችን የጾም ሆኖ ኖረ፤ በጉም ዶሮውም በየቤታችን ነበር፤ አብረን የበላነው የጾሙን ነው።

ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ገና ከግቢው በር ድምፁ ይሰማል።

“ዛሬ ምን ተገኘ?”

እሷ ከማድቤት ውስጥ ሆና ትመልሳለች። “ቀምሰህ እወቅ!”

ሁልጊዜ እሱ ይህንኑ ይላል፣ ሁልጊዜ እሷም ይህንኑ ትላለች። ምን ተሠራ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ የተነሣ ወጡ ራሱ ስሙ “የተገኘው” ሆኖ ቀረ። የተገኘው ዱባና ምስር የሆነበት ቀን ነበር፤ በጣም ጥሩ ነበር። የተገኘው ካሮት፣ ቃሪያና የተረፈ ሩዝ የሆነበት ቀን ነበር፤ ልጆቻችን ድስቱን በእንጀራ ጠረጉት። አንድ ቀን ግን እኔ ቁሌቱን በበርበሬ አድርጌ ጠበቅኳት፤ እሷ ይዛ የመጣችው የተቀቀለ መኮሮኒ ነው። መኮሮኒው ብቻውን ስላነሰ ሽሮ ጨመርንበት። ባለቤቴ ዝምተኛ ሰው ነበር። ቀርቦ በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ከዚያ፣

“ይሄኛው እንኳ ባይገኝም ይሻል ነበር” አለ።

ልብስ ሰፊው ከሳቁ ብዛት ትን ብሎት ጀርባውን መታነው። መኮሮኒ በተነሣ ቁጥር ይህ ነገር ለዓመታት ይወራ ነበር።

ባለቤቴ ያረፈው እዚያው ግቢ ሳለን ነው። ለቅሶ ደራሹ ተመላልሶ ከቀረ በኋላ እኔ ከክፍሌ አልወጣም አልኩ። አንድ ማታ ጎረቤቴ ሽንኩርት ጥዳ በሬ ላይ ብቅ አለችና፣ “እትዬ፣ ሱቅ ደርሼ ልምጣ” አለችኝ። በዕድሜ ስለምበልጣት እትዬ ነው የምትለኝ። ሄደች፤ አልተመለሰችም። ቆይቶ ሽንኩርቱ የማረር ሽታ ሲያመጣ ተነሣሁ። ረስታው ሄደች ብዬ ተናደድኩ። እየተናደድኩ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፣ እየተናደድኩ ድንች ላጥኩ። ወጡን ስጨርሰው መጣች፤ በላን። ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ቀጠልን።

ሰፈሩ ሲፈርስ ለእኔ ኮንዶሚኒየም እዚሁ ልደታ ደረሰኝ፤ ለእሷ ጀሞ። ዕቃ ስንጭን ድስቱ መሬት ላይ ቀረ።

“አንቺ ውሰጂው፤ ሰፈር የቀረሽው አንቺ ነሽ” አለችኝ።

ወሰድኩት። ለአንድ ሰው ግን ይተልቃል። ልጆቼም ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፣ እዚያው ኖረ። ጀሞ ሩቅ አይደለም፤ ቢሆንም የታክሲው ሰልፍ፣ ጉልበቴ፣ የእሷ የልጅ ልጆች፣ ነገሩ ሁሉ ተደማምሮ በዓልና ለቅሶ ሲሆን ብቻ የምንገናኝ ሰዎች ሆንን። ስልክ ግን አልቋረጠም። “ዛሬ ምን በላሽ?” ነው ወሬያችን።

ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊው አረፈ። ጎረቤቴ ኢዳ ገባች፤ በእነሱ ሥርዓት ባል የሞተባት ሴት ከቤት ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። ሄጄ አብሬያት ተቀመጥኩ። ፊቷ ገርጥቶ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር። ኢዳዋ አብቅቶም ወደ ድሮ ማንነቷ አልተመለሰችም። አንድ ቀን ልጇ ደወለችልኝ። ግቢያችን ውስጥ የተወለደች ናት፤ እናቷን ሰምታ እሷም እትዬ ነው የምትለኝ።

“እትዬ፣ እማዬ ምግብ እምቢ ብላለች።”

“ሐኪም ምን አለ?”

“በሽታ የለባትም አለ። ግን እንዲህ ከቀጠለች ሰውነቷ አይችለውም አለኝ። ምን ላድርግ? እህል አፏ ውስጥ ይዞርባታል። ‘ለማን ብዬ?’ ትላለች።”

እኔ የማውቀው መሥራት ነው። ምስር ሠርቼ በሳህን ይዤ ሄድኩ። ሌላ ቀን ጎመን፣ ሌላ ቀን ሱፍ ፍትፍት። ስትቀበለኝ “አላህ ይስጥልኝ” ትላለች፣ ከፊቴ ቀመስ ታደርጋለች። አንድ ቀን ልጇ በር ላይ ስትሸኘኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እትዬ፣ አይልፉ። ያመጡት ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ነው” አለችኝ።

ቤቷ ሆና አልበላ ካለች እኔ ቤት ትበላ ይሆናል ብዬ ራት ጠራኋቸው። ከዋዜማው ጀምሬ ተሰናዳሁ። ቀይ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ ሽሮ፣ ሰላጣ፤ የእንግዳ ሳህን አወጣሁ፤ መሶቡን በአዲስ ጨርቅ ሸፈንኩ። ድስት ሁሉ ታጥቦ ቦታው ተመልሶ፣ ቤቱ ተጠርጎ ነው የደረሱት።

“ኧረ እትዬ! ማን ሊያገባ ነው?” አለች ጎረቤቴ መሶቡን ስገልጠው።

“ዝም ብለሽ ብዪ።”

“ሙሽራውን ሳላየው?”

ልጇ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ይቀናኛል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጎረቤቴ አንድ ሁለት ጊዜ ቆረሰች። አጎረስኳት፤ ለእኔ ብላ ተቀበለችና ብዙ ጊዜ አላመጠች። ከዚያ “አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ” ብላ እጇን ሰበሰበች። መሶቡ እንዳለ ነበር። ልጇ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ሰላጣው አየሁ።

ደረጃው ላይ ስሸኛቸው ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “ደህና አድርገሽ ነው የሠራሽው፣ እትዬ። ግን እንግዳ አደረግሽኝ” አለችኝ።

አልገባኝም። ቅር አለኝ። ያ ሁሉ ድካም ይህን ለመስማት ነው? ሳህኖቹን አጥቤ ቦታቸው መለስኩ። ወጡን ሳልጨርሰው ተበላሸ። ስልክ ሳልደውልላት ሰነበትኩ፤ እሷም አልደወለችም።

ከዚያ በኋላ አንድ ረቡዕ፣ ከልደታ ማርያም ከቅዳሴ ተመልሼ፣ አረፍ ብዬ፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ለራሴ የምትሆን ሽንኩርት ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እንደጣድኩ ስልኬ ጮኸ። ልጇ ናት።

“እትዬ፣ እዚህ ፍርድ ቤት ነን። በወራሽነት ጉዳይ ነው የመጣነው። አንድ ፊርማ ቀርቶ ጠብቁ ብለውናል፤ እማዬ ግን መቆም አቃታት። እርስዎ ጋ ትቆየኝ?”

“ይህን ትጠይቂኛለሽ? አምጫት።”

የልደታው ፍርድ ቤት ከእኔ ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ልጇ እስከ በሬ አድርሳት፣ ቢሮ ሳይዘጋ ብላ ተመልሳ ሮጠች። ጎረቤቴ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሻርፗን እንኳ ሳታላላ ነው የተቀመጠችው። እኔ አፈርኩ። ቤቴ አልተጠረገ፣ ለሰው የሚቀርብ ነገር የለኝ። “ትንሽ ቆዪኝ፣ አሁን አንድ ነገር አደርጋለሁ” እያልኩ ስንጎዳጎድ መብራት ሄደ። ምድጃው ቀዘቀዘ።

የከሰል ምድጃዬን ኮሪደር ላይ አውጥቼ አቀጣጠልኩ። ሽንኩርቱ ያለበት መጥበሻ ግን ስስ ነው፣ ከሰል አይችልም። ቀና ብዬ ቁምሳጥኑን አየሁ። የእንጨት ዱካ አቅርቤ ወጣሁበት።

“ትወድቂያለሽ! ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?” ብላ ተነሥታ ወገቤን ያዘችኝ።

ድስቱን አወረድኩት። አየችው። አቧራውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። እኔ አለቅልቄ ሽንኩርቱን ገለበጥኩበትና ከሰሉ ላይ ጣድኩት። ከዚያ ምን እንዳለኝ ለማየት ወደ ውስጥ ገባሁ። ፍሪጁ ጨለማ ነው፤ በእጄ እየዳበስኩ ዘገየሁ። አንድ ቁራጭ ዱባ አገኘሁ፣ ከትናንት የተረፈ ምስር አገኘሁ፣ ጥቂት ሩዝ። ይዤ ስወጣ ጎረቤቴ ኮሪደሩ ላይ ዱካዬ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቱን ታማስላለች።

“የት ጠፋሽ? ይሄ ሽንኩርት ሊያር ምን ቀረው?”

“ያለኝን ስፈልግ ነዋ።”

“ሆን ብለሽ ነው።”

“መብራቱንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ በይ።”

“አንቺ አትታመኚም” አለችና ከጆጉ ውሃ ጠብ አደረገች። ቁሌቱ ቸስ አለ። በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። “ምን አለሽ?”

“ዱባ። የትናንት ምስር። ሩዝ።”

“ሩዙን ተዪው። መኮሮኒውን አልረሳሁም።” ማማሰያውን አስቀመጠች። “ቦርሳዬን አምጪልኝ።”

አመጣሁላት። ከፈተችው። ከፍርድ ቤቱ ወረቀቶች ሥር በፌስታል የተጠቀለለ አንድ እስር ቆስጣ አወጣች።

“አጥሩ ሥር ጉልት የተቀመጠች ሴትዮ አለች። ለምን እንደገዛሁት አላውቅም። ቤቴ ቆስጣ የሚበላ ሰው የለም። እሱ ነበር የሚወደው።”

ቆስጣውን ተቀብያት አጠብኩ። ዱባውን እሷ ላጠችው፤ ቢላዬ ደነዘ ብላ ሰደበችኝ፣ የምድጃዬ ጠርዝ ላይ ሳለችው። እንደ ድሮው እሷ ስታማስል እኔ እከትፋለሁ። የጎረቤት በሮች ተከፍተው ይዘጋሉ፣ መብራት መጣ አልመጣ የሚጠይቅ ሰው ያልፋል። ዱባው ሲለሰልስ ምስሩን ጨመረች፣ በመጨረሻ ቆስጣውን።

“እትዬ” አለችኝ ከድስቱ ቀና ሳትል። “ያኔ ባለቤትሽ ያረፈ ጊዜ፣ ሽንኩርት ጥጄ ሱቅ ልሂድ ብዬሽ የወጣሁ ቀን፣ ረስቼው መስሎሽ ነበር?”

“እስከ ዛሬ።”

“ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ ነበርኮ። ሽታው ይመጣል፣ አንቺ አትነሺም! ያ ሁሉ ሽንኩርት ከሰል ሊሆን! ልመለስ አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር፣ ወላሂ።”

ጨው አቀበልኳት። ሳህን በፎጣ ሸፍኜ ወደ ጀሞ ስመላለስ የከረምኩትን፣ መሶቡንና አዲሱን ጨርቅ አሰብኩ። እንግዳ አደረግሽኝ ማለቷ ገባኝ። የተጨረሰ ወጥ ነበር የማቀርብላት፤ ለእሷ የሚቀር ሥራ አልነበረበትም።

ገና ቀን ነው፤ ከታች ባቡሩ ሲያልፍ ይሰማል። የልጇ ኮቴ ደረጃው ላይ ተሰማ። ሽታው ሳይደርሳት አልቀረም፤ ገና ብቅ ሳትል ድምፅዋ ቀደማት።

“ዛሬ ምን ተገኘ?”

አስባው ያለችው አይመስለኝም። እንዳለችው ደንግጣ አፏን ያዘች። ማማሰያው ቆመ። እኔ ከሰሉን አየሁ። የጎረቤቴ እጅ ጥቂት ቆይቶ ድስቱን አንድ ጊዜ አዞረ።

“ቀምሰሽ እወቂ” አለች።

እንደ ድሮው ከማድቤት የሚሰማ ድምፅ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ ነበር። ግን አለችው።

በአንድ ትሪ የሱቅ እንጀራ ዘርግተን፣ እዚያው በሩ አጠገብ ተቀምጠን በላን። እኔ ስትበላ አላየኋትም። ካየኋት የምታቆም መሰለኝ። ልጇም እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ ስለ ፍርድ ቤቱ ፊርማ ታወራለች፤ ማንም የሚሰማት የለም። ወጡ ዱባው አጣፍጦታል፣ ቆስጣው ትንሽ መረር አድርጎታል፣ በርበሬው በዝቶ ነበር። ለእንግዳ የሚቀርብ ወጥ አይደለም። ከጎረቤቴ በኩል ያለው ትሪ ባዶ እየሆነ ሲመጣ በጎን ይታየኛል። ከዚያ ድምፅዋን ሰማሁ።

“እንጀራ የለም እንዴ እዚህ ቤት?”

ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ እንጀራ ላመጣ ተነሣሁ፤ ወጥ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየሁ።

ሲሄዱ የተረፈውን ወጥ በሌላ ዕቃ ልገለብጥላት ስል ድስቱን ከእጄ ወሰደችው። “እንዲሁ እወስደዋለሁ” አለች። ድስቱን በፌስታል አድርጋ፣ ልጇ ልያዝልሽ ብትላትም እምቢ ብላ ራሷ ይዛው ወረደች። “ረቡዕ ነይ” አለችኝ ከደረጃው ሥር።

ረቡዕ ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ ቲማቲምና ቃሪያ ገዛሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሽንኩርቱ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ጎረቤቴ እንደምን አደርሽም ሳትል ከወጥ ቤቷ ተጣራች።

“ምን ይዘሽ መጣሽ?”

“ቲማቲምና ቃሪያ።”

“ይሁን። እኔ ድርሻዬን ጨርሼ ቁጭ ብያለሁ፤ ግቢ።”

ድስቱ ምድጃው ላይ ነው። በበርበሬ አድርጋው ይሆናል ብዬ ነበር ሙሉውን መንገድ ያሰብኩት። ክዳኑን ሳነሣው በእርድ ነው። ምን እንደምናደርገው ሳላውቅ ነጠላዬን አጣፍቼ ቲማቲሙን መክተፍ ጀመርኩ።